ምዕራፍ ሰባት፦ ያልተጠየቀው ጎረቤት

አማርኛ ለመጠጥ ቤት ስም ሲያወጣ ፊት ለፊት መናገር አይወድም። ቡና የማይፈላበትን ቤት «ቡና ቤት» ይለዋል፤ ሽንኩርትና ዘይት የማይሸጥበትን «ግሮሰሪ»። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ድሬዳዋ ውስጥ «ግሮሰሪ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ዳቦ ሊገዛ ቢገባ የሚጠብቀው ድራፍት፣ ኦቾሎኒና ስለ እግር ኳስ የሚከራከር ጠረጴዛ ነው። ስሙ እንዲህ የተድበሰበሰው በከንቱ አይመስለኝም። መጠጥ ቤት ብዙ ሰው የሚገባበት፣ ከገዛ ቤቱ አጠገብ ሲከፈት ግን ብዙ ሰው ፊቱን የሚያጠቁርበት ንግድ ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው «አጠገብ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስለ «አጠገብ» ምን ይጠይቃል? ምንስ ሳይጠይቅ ያልፋል?

ድሬዳዋን የምመርጠው ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ስለሆነች ነው። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለባቡር ስለከበደ መስመሩ ከተራራው ግርጌ ቀረ፣ የቀረበትም ቦታ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ ስሙ ግን አልጸናም። ከደቻቱ ወንዝ በአንዱ ዳርቻ ሐዲዱን የዘረጉት ፈረንሳዮች ጎዳናውን በማስመሪያ አስምረው፣ ዛፍ ተክለው ከዚራን ሠሩ። በሌላው ዳርቻ መጋላ በገበያውና በጠባብ መንገዱ እየተጠጋጋ አደገ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ፣ የየመኑ ዐረብ፣ ሕንዱ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከጉራጌውና ከሐረሪው ጋር ተጎራብቶ ኖረባት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አስተዳደሩ 341,834 ነዋሪ ነበረው፤ ከአሥሩ ሰባቱ ሙስሊም ነው። ያም ሆኖ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ቡና ቤት በአንድ ሰፈር ሲኖሩ ለድሬ ልጅ ብርቅ አይደለም። «አቦ፣ ምን ያካብዳል!» ብሎ ያልፈዋል።

ምሽቱ ሲገፋ ግን ነገሩ ይካበዳል።

አንዲት ሴት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የአንድ ግቢ የፊት ክፍሎችን ተከራይታ ባር ልትከፍት ተነሳች እንበል። የወረቀቱ መንገድ በግንባር ቀደምትነት የሚመራው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው፤ አዋጁን 1150/2011 አሻሽሎታል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ታወጣለች፣ ትመዘገባለች፣ የሥራ መስኳን ትመርጣለች። ምግብና መጠጥ የሰው ጤና የሚነካ ሥራ ስለሆነ የብቃት ማረጋገጫም ይመጣል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ውሃው በቧንቧ መግባቱን፣ መጸዳጃው ለወንድና ለሴት መለየቱን፣ ብርጭቆው የሚታጠብበትን ገንዳ፣ ወለሉንና ጣሪያውን ያያል። ሠራተኞቹ የጤና ምርመራ ወረቀት ይጠየቃሉ። ፍሪጁን፣ ወንበሩንና ጃንጥላውን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው የቢራ ፋብሪካው ስለሆነ፣ ቤቱ ገና ሳይከፈት ግማሽ ገጽታው ተዘጋጅቶ ያድራል። ከዚያ ፈቃዱ ተፈርሞ፣ በመስታወት ተለብጦ ከባንኮኒው ጀርባ ይሰቀላል። በየዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያለ ቅጣት ይታደሳል።

እስካሁን የተጠየቁትን ጥያቄዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ባለቤቷ ማን ናት? ግብር ትከፍላለች ወይ? ክፍሉ ንጹሕ ነው ወይ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ግን ከግድግዳው ወደ ውስጥ ያለውን የሚመለከት ነው። በግድግዳው ማዶ የሚተኙትን ሕፃን የያዙ እናት፣ ለሌሊት ፈረቃ የሚወጣውን የባቡር ጣቢያ ጥበቃ፣ ለሱብሒ ሶላት የሚነሱትን ሽማግሌ «ምን ትላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ በአዋጁ ውስጥ የለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብ ተሳትፎን ይጠይቃል፤ ነገር ግን የታለመው ለትልልቅ ፕሮጀክቶች እንጂ ለአሥር ጠረጴዛ ቤት አይደለም። በዚህ የተነሳ ጎረቤት ነገሩን የሚያውቀው በመጀመሪያው ቅዳሜ ምሽት፣ ሞንታርቦው፣ ማለትም ትልቁ ስፒከር፣ ሲከፈት ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም ወገን ያውቃል። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ ሥራ የመሰማራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ባሯን የከፈተችው ሴት በዚህ ትቆማለች። አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ይሰጣል፤ በዚህኛው ጎረቤቷ ይቆማሉ። ሁለቱ መብቶች ወረቀት ላይ አይጋጩም። የሚጋጩት የሳቢያን ግንብ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ስለ ድምፅ ትንሽ ረዘም አድርገን እንነጋገር፤ የጎረቤት ቅሬታ አብዛኛው መነሻው እሱ ነውና። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ተከትሎ የወጣው የድምፅ መለኪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ይፈቅዳል። ለንግድ ሰፈር ቀን 65፣ ሌሊት 55 ነው። «ቀን» የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎ የሚደመር ልኬት አይደለም፤ 10 ሲጨምር ጆሮ የሚሰማው ድምፅ እጥፍ የሆነ ያህል ነው። በ45 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት ሃያ ቁጥር ቢመስልም ለተኛ ሰው የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ርቀት ይረዳል፣ የሚረዳው ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሜዳ ላይ የቆመ ስፒከር ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ1 ሜትር ላይ 95 ዴሲቤል የሚያወጣ ሞንታርቦ በ2 ሜትር 89፣ በ4 ሜትር 83 ይሆናል። በዚህ ስሌት ሌሊት የተፈቀደው 45 ላይ ለመድረስ ከ300 ሜትር በላይ መሄድ አለበት። እርግጥ በመሃል ግንብና ቤት ሲገባ ቶሎ ይደክማል። ይህ ግን ለቀጭኑ ድምፅ ይሠራል። ቤዙ፣ ያ ደረት የሚደልቀው ወፍራሙ ድምፅ፣ በግንብ በኩል ያልፋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይማ ይጫወታል። ጎረቤት «ዘፈኑ አይሰማኝም፣ ምቱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ» ሲል እያጋነነ አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ እየተናገረ ነው።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመኝታ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመከራል። ከውጭ 45 ዴሲቤል ይበቃል የተባለው፣ በከፊል የተከፈተ መስኮት 15 ያህል ይቀንሳል ተብሎ ታስቦ ነው። ከ45 ላይ 15 ሲነሳ 30 ይቀራል። የኛም የሌሊት ቁጥር ያው 45 ነው። ይህ ስሌት ግን ሰው በክፍሉ ውስጥ፣ በግድግዳ ተከልሎ ይተኛል ብሎ ይነሳል። በግንቦትና በሰኔ ድሬ ውስጥ የተኛ ሰው ይህን ያውቃል፤ በረንዳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ አንሶላ ብቻ ደርቦ ማደር ልማድ ነው። በረንዳ ላይ የተኛ ሰው ያቺን 15 ዴሲቤል የሚቀንስለት መስኮት የለውም። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ መስኮቱን ስለሚያዘጋ ባሩና ጎረቤቱ ሳይተዋወቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ድሬ ላይ ግን ሙቀቱ ሁለቱንም ወደ አንድ ግቢ ያወጣቸዋል፤ ጠጪው ነፋስ ፍለጋ ወደ ውጭ ወንበር ይወጣል፣ ጎረቤቱም ነፋስ ፍለጋ ወደ በረንዳ። እኔም አንድ የሰኔ ሌሊት እንግድነት ሄጄ በረንዳ ላይ አንጥፈውልኝ፣ ከአጥር ማዶ የተከፈተውን ዘፈን እስከ ንጋት በቃሌ ይዤዋለሁ። እስካሁን ሳልፈልግ ይመጣብኛል።

ሰዓቱም ከድሬ ኑሮ ጋር አይገጥምም። ሕጉ ሌሊት የሚለው ምሽት 3 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ድሬ ግን የምትነቃው ያኔ ነው። ቀትር ላይ ከተማው ጥላ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫው ይደራል፤ ምርቃናው የያዘው ሰው ሲመሽ ለመስበር ይወጣል። ይህንን «ጨብሲ» ይሉታል፤ ጨብሲ ደግሞ የባሩ ዋና ገበያ ነው። እንግዲህ ጸጥታ የሚጀምርበት ሰዓትና ገበያ የሚጀምርበት ሰዓት አንድ ናቸው። ቁልቢ ገብርኤል በሚከበርባቸው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን ደግሞ ከተማው በመንገደኛ ይሞላል፤ ያን ሳምንት ሰዓት የሚባል ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመጠጡ በራሱ ላይ ያለው ሕግ ጠንከር ያለ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፣ የአልኮልን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ሺሻንም ጭምር። የሚገርመው የማጨስ ክልከላው ለጎረቤት ሌላ ችግር መፍጠሩ ነው። አጫሹ ወደ ውጭ ሲወጣ ጨዋታውን ትቶ አይወጣም። ከበሩ ፊት ለፊት አምስት ሆነው ሲስቁ ሳንባ ይድናል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ስለዚህ ሕጉ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። አንድን ጉዳት ከቤት ስናስወጣ የት እንደሚያርፍ ማየት አለብን ለማለት ነው።

ጎረቤት ሲመረው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ በጨዋነት ራሱ ይሄዳል። «እህቴ፣ ሥራሽን አልጠላንም፤ ሕፃናት አሉን፣ ትንሽ ዝቅ አድርጊልን» ይላል። ብዙው ጉዳይ እዚሁ ያበቃል፤ በአዛን ሰዓት ሳይነግሩት ዘፈኑን ዝቅ የሚያደርግ ባለቤትም አለ። ካልሆነ ሽማግሌ ይላካል። ከዚያ ቀበሌ፣ ፖሊስ፣ ንግድ ቢሮ። የመጨረሻው መሣሪያ ማሸግ ነው፤ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጠፋል። እዚህ ላይ ነው የአሠራሩ ድክመት የሚታየኝ። ፈቃዱ ወይ አለ ወይ የለም፤ በሩ ወይ ክፍት ነው ወይ ታሽጓል። በመካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ነው። «ሞንታርቦውን ከጋራው ግንብ አንሺው»፣ «ከ4 ሰዓት በኋላ የውጭ ወንበር አይኑር»፣ «ጠርሙስና ሳጥን ሌሊት አይጫን» የሚል ሁኔታ በፈቃዱ ላይ አይጻፍም። ሹሙ ማሸግ ይከብደዋል፤ የስምንት ሰው እንጀራ አለበት። ስለዚህ ዝም ይላል። ጎረቤት ደግሞ ዝምታውን እጅ መንሻ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ከዚህ በኋላ ቅሬታው ስለ ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ማን ዘመድ ነው ይሆናል። እንዲህ ባለ ቅይጥ ከተማ ይህ ከዘፈኑ የከፋ ነው።

ሌላው ዓለም ይህንን ሜዳ በተለያየ መንገድ ሞልቶታል። እንግሊዝ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የፈቃድ ሕግ መሠረት መጠጥ ቤት ሊከፍት ያመለከተ ሰው የማመልከቻውን ማስታወቂያ በፈዛዛ ሰማያዊ ወረቀት አትሞ በበሩ ላይ 28 ቀን ይለጥፋል። አላፊ አግዳሚ ያነባል፣ የሚቃወም በጽሑፍ ያቀርባል። የአካባቢው ምክር ቤት ሰምቶ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፣ ወይም በሁኔታ ይፈቅዳል። ተቃውሞው ሊመሠረት የሚችለው በአራት ጉዳዮች ላይ ብቻ ነው፤ ወንጀልን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሁከትን መከላከል፣ ሕፃናትን መጠበቅ። «መጠጥ አልወድም» አይሰማም። ይህን እወደዋለሁ፤ ጎረቤት ድምፅ ይኖረዋል እንጂ የሰው እንጀራ መዝጊያ ቁልፍ አይሰጠውም።

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የሐበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት በዋሽንግተን ዲሲ ያለው ነው። አዳምስ ሞርጋን እና ዩ ስትሪት ላይ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ የአልኮል ፈቃድ ሲጠይቅ የሰፈሩ ተመራጭ ኮሚሽን ወይም የተሰባሰቡ ጎረቤቶች ተቃውሞ ሊያቀርቡበት ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ክርክር ሳይሄድ ባለቤቱና ሰፈሩ ተቀምጠው ውል ይጽፋሉ፤ ዘፈን እስከ ስንት ሰዓት፣ ቆሻሻ መቼ ይወጣል፣ የውጭ መቀመጫው መቼ ይዘጋል። ውሉ የፈቃዱ አካል ይሆናል፤ የጣሰ በፈቃዱ ይጠየቃል። ይህ ምንድን ነው? ሽምግልና ነው፤ ፊርማና ማኅተም ያለው ሽምግልና። አገራችን የምታውቀውን ሌላ አገር በወረቀት አስፍሮታል።

ደግሞም የራሳችን ሕግ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ስልሳ ዓመት አልፎታል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ እንዳያደርስ ይከለክላል። ሕጉን ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ድሬዳዋ ከፈረንሳይ ሐዲድ ብቻ አይደለም የወረሰችው። ከሁሉ የምወደው ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ነው፤ የመልካም ጉርብትና ልክ ሲመዘን የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ ከግምት ይገባል ይላል። ይህ ለድሬ የተጻፈ ይመስላል። የአካባቢው ልማድ በረንዳ ላይ ማደር ከሆነ፣ ዳኛው የበረንዳውን ጆሮ መስማት አለበት ማለት ነው። የከዚራ ሰፊ ጎዳና ላይ የሚታለፍ ድምፅ በመጋላ ጠባብ መንገድ ላይ ላይታለፍ ይችላል። ከዚህ ጋር ፍርድ ቤት የሚያውቀው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ አለ፤ መሠረቱ አንቀጽ 1149 ነው፤ ሁከቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሰው «እስኪ ትንሽ እንታገሥ» እያለ ጊዜው የሚያልፍበት በዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ይህ ነው። ድሬዳዋ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋትም። በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ አስተዳደርና ምክር ቤት አላት። ንግድ ቢሮው ማመልከቻ በገባበት ቤት በር ላይ አንድ ወረቀት ለአንድ ወር እንዲለጠፍ ቢያዝ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ፣ ወጪው የወረቀትና የሙጫ ነው። ጎረቤት የሚያቀርበው ነገር «አይከፈት» ሳይሆን «እንዴት ይከፈት» እንዲሆን ቅጹ ራሱ ይምራው። ስምምነቱ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ፤ በየዓመቱ እድሳት ሲመጣ ተከብሯል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ባለባሯም ትጠቀማለች፤ ያንን ወረቀት የያዘች ሴት ከሁለት ዓመት በኋላ ተነስቶ «ሰፈሩን አበላሸሽ» የሚላት ሰው ሲመጣ የምታሳየው ነገር አላት።

እስከዚያው ሁለት ወገን ላይ ላለ አንባቢ አንዳንድ ቃል። ባር ልትከፍቱ ካሰባችሁ፣ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት በግራ፣ በቀኝና በጀርባ ያሉትን ሦስት ቤቶች አንኳኩ፤ ሞንታርቦውን ከጋራው ግንብ አርቁ፣ ከወለሉ በጎማ ለዩት፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሩት፣ ቤዙን ቀንሱ። ብዙ ብር አይፈጅም። ጎረቤት ከሆናችሁ ደግሞ «ሁሌ ይረብሻል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቀኑን፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት፣ የባሩን ባለቤት ማን አነጋግሮ ምን መልስ እንዳገኘ በደብተር ያዙ። ደብተሩ ሲበቃችሁ ለቀበሌና ለንግድ ቢሮ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ ገቢ ቁጥር አስደርጉ። ገቢ ቁጥር የሌለው ቅሬታ አልቀረበም።